የክምሮቹ መንገድ

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ካለችው የመጨረሻ መንደር ሲነሱ ሰማዩ ወለል ብሎ ነበር። ዘውገ ግን አልወደደውም። በመጋቢት፣ በልግ በጀመረበት ሰሞን፣ በማለዳ እንዲህ የሚስቅ ሰማይ ከቀትር በኋላ ፊቱን እንደሚያዞር በዚህ ተራራ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም አፉን ያዘ። ሦስት ጫፎችን ወጥተው፣ ሁለት ኩሬዎችን ዞረው፣ ሳይመሽ ላሊበላ መግባት አለባቸው፤ የይለፍ ወረቀታቸው የሚያገለግለው እስከ ምሽት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ ከተራራ የሚወርድ ሰው «ማን ነህ?» ከመባሉ በፊት ይተኮስበት ነበር።

«ጋሼ ዘውገ፣ ምነው ዝም አሉ? መንገድ መሪ እኮ ያወራል!» አለች ከኋላው ዓለምእሸት።

«ወደ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ጓድ። ትንፋሹ ለመንገዱ ይሁን ብዬ ነው።»

ዓለምእሸት ደሴ ተወልዳ አዲስ አበባ የምትሠራ ፎቶ አንሺ ናት። የመጣችው የተራራውን ጫፎችና ኩሬዎች አንስታ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ለማድረስ ነው። በዚያ ወቅት ላሊበላ ፈረንጅ ብቅ የሚለው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ አለቆቿ «ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይመጣል» ብለው ቆርጠዋል። የመጣው ሰው መንገድ ላይ ማን እንደሚጠብቀው ግን ያሰቡበት አይመስልም። ሦስተኛው መንገደኛ አዝመራው ነው፤ አሮጌ ምንሽር ያነገተ የቀበሌ ሚሊሻ። ሁለቱን እንዲጠብቅ ተመድቧል። እስካሁን አጥብቆ ሲጠብቅ የታየው ግን የበሶውን ስልቻ ነበር፤ ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማንም እንዳይነካበት ይሰጋል። ዓለምእሸትም እነሱ እየጾሙ እሷ ፊታቸው ብትበላ ነውር መስሏት፣ ባዶ ሆዷን ወጣች።

ዘውገ በንጉሡ ጊዜ ፈረንጅ እየመራ እነዚህን ጫፎች ሲወጣና ሲወርድ ያደገ የላሊበላ ልጅ ነው። አብዮቱ መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ፣ ከተራራው ማዶ ጓሳ በር ከምትባል መንደር የሺሃረግ የምትባል ሴት አግብቶ፣ ገብስ እያረሰ እዚያው ቀረ። ደህና ይኖሩ ነበር። ሰባ ሰባት ሲመጣ ገብሱም ከብቱም አለቀ። መንደሩ ከነሕፃናቱ ተነቅሎ፣ እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ላሊበላ፣ በዚሁ ተራራ ላይ ተመመ።

የሺሃረግ እግሯ አብጦ መራመድ ያቃታት ታችኛው ኩሬ ዳር ሲደርሱ ነው። ዘውገ ከአንድ ዋሻ መሰል የድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጣትና «እህል ይዤ እመለሳለሁ» ብሏት ወረደ። አልተመለሰም። የእህሉ ወረፋ ላይ ተስቦ ጣለው፤ ከሸራው ድንኳን በእግሩ ሲወጣ፣ ሲገባ የነበረችው ጨረቃ ጠፍታ ሌላ ተወልዳ ነበር። አንዱ «ሰፈራ በሚወስደው መኪና ተጭና አይቻታለሁ» አለው። ሌላው «ያንተ አገር ሰዎች መተከል ወርደዋል» አለው። ዘውገም አመነ። እውነቱን ለመናገር ማመኑ ተመችቶት ነበር፤ ተራራው ላይ ወጥቶ የሚያየውን ፈርቷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ አላገባ፣ ፍትሐት አላስፈታ፣ ተዝካር አላወጣ፤ የሚስት ባል ነኝ እንዳይል ሚስት የለችው፣ ሚስቴ ሞተች እንዳይል ሬሳ አላየ። ዛሬም የወጣው ቀበሌው «ተራራውን የምታውቀው አንተ ነህ» ብሎ ስላዘዘው ነው።

ሲታዘዝ ግን በልቡ አንድ ነገር ቆርጧል። ከታችኛው ኩሬ ወደ ላሊበላ የሚወርዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ በምሥራቁ ሸንተረር የሚዞረው፣ ሌላው በቁልቁለቱ ቀጥ ብሎ የሚወርደው። በቁልቁለቱ አይሄድም። እዚያ ክምሮቹ አሉ።

በሰባ ሰባት መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ማንም አልነበረውም። ስለዚህ አላፊው ሁሉ በሬሳው ላይ አንዳንድ ድንጋይ እያኖረ አለፈ። ከአናት ካሉት ድንጋዮች መካከል ደግሞ ከሟቹ ዕቃ አንዱን፣ ማተብም ይሁን ቅል፣ ዘመድ ሲያልፍ እንዲያውቀው ሸጎጡ። ልማዱ ከረሃቡ በኋላም ቀጠለ፤ ዛሬም በዚያ የሚያልፍ ሰው በየክምሩ አንድ ድንጋይ ሳይጨምር አያልፍም። ከክምሮቹ ባንዱ ላይ የየሺሃረግ ዕቃ ካለ፣ ሞታለች። ከሌለ ደግሞ ወይ መተከል ናት ወይ ጅብ በልቷታል። ዘውገ የቱንም ማወቅ አልፈለገም። ያሳደራቸው ገበሬ ትናንት ማታ «የምሥራቁን መንገድ ተዉት፣ ክረምት ንዶታል፣ ሰው አይሄድበትም» ሲለው እንኳ እንዳልሰማ ሆኖ ጋደም አለ።

የመጀመሪያውን ጫፍ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ወጡ። የጓሳው ሣር በውርጭ ደርቆ ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። ጅብራ የሚባሉት የውርጭ ተክሎች በየተዳፋቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጋቢ የተከናነበ ሰው ይመስላሉ፣ ዘውገም ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ አረጋገጠ። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ግጦሹን ጥሎ ወደ ገደሉ ተንደረደረ። በስተ ምዕራብ ምድሩ እየተቆረሰ፣ ከርቀት ሰማያዊ እየመሰለ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል።

«ኡኡቴ! ይኼ ሁሉ አገር እዚህ ተደብቆ ነው እኛ ደሴ ላይ ጦሳን ተራራ የምንለው?» ብላ ዓለምእሸት በደረቷ ተኝታ ማንሳት ጀመረች።

ከጫፉ ወዲያ የላይኛው ኩሬ አለ። ጥቁር ነው፤ ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ይዞታል። ዘውገ መጀመሪያ ኮቴውን የሰማው እዚያ ነው። ከኋላቸው ሰው እየመጣ ነበር። ባዶ እግር ነው፣ ቀስ ይላል፣ አንዱን እግሩን ይጎትታል። ዘወር ሲል ሣር ብቻ ነው የሚታየው።

«አዝመራው፣ ከኋላ ሰው አለ?»

«ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ፣ አያ ዘውገ። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ዓለምእሸት ሳቀች። ዘውገም ለመሳቅ ሞከረ። ሁለተኛውን ጫፍ ሲወጡ ግን ኮቴው አብሯቸው ወጣ፤ ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲራመዱ ይራመዳል። ዘውገ ፈራ። ኮቴውን እንዳይሰማ ጆሮውን በጋቢው ጠቅልሎ ርምጃውን አፈጠነ። «ቀስ ይበሉ እንጂ!» ሲሉት አልሰማም።

ሦስተኛው ጫፍ ላይ ደመናው ደረሰባቸው። ከሸለቆው ወደ ላይ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አመድማ፣ ቀጥሎ ጥቁር። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከፊታቸው ሮጣ ከድንጋይ ሥር ገባች። ነጎድጓዱ ከላያቸው ሳይሆን ከእግራቸው ሥር አጓራ።

«እንውረድ! አሁኑኑ!» አለ ዘውገ።

«ታችኛው ኩሬስ? ሳላነሳው ብመለስ ምን ይሉኛል?»

«መንገዳችን ላይ ነው። ከወዲህ ዳር ሆነው ያነሳሉ፣ ከዚያ በምሥራቁ እንሄዳለን።»

ታችኛው ኩሬ ሲደርሱ ውሃው እንደ ቀለጠ እርሳስ ያብረቀርቅ ነበር። ዓለምእሸት ካሜራዋን ከፍ አድርጋ ወደ ዳሩ ወረደች። በዚያው ቅጽበት በረዶው ወረደ። ባቄላ የሚያህል ጠጠር ምድሩን ይደበድበው ጀመር፤ ልጅቱ ራሷን በክንዷ ስትከልል የቆመችበት ጭቃ ከዳትና እስከ ደረቷ ኩሬው ውስጥ ገባች። ዘውገ በዱላው፣ አዝመራው በጠመንጃው ማንገቻ ጎትተው አወጧት። ወደ መጠለያ ስትሮጥ ከኩሬው ማዶ ያየችው አንድ የድንጋይ ጥላ ብቻ ነበር።

«እዚያ! እዚያ እንግባ!» እያለች ተሽቀዳደመች። አዝመራው ተከተላት።

ዘውገ ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። በረዶው ጀርባውን ይቀጠቅጠዋል፤ እሱ ግን እግሩ አልንቀሳቀስ አለው።

«አያ ዘውገ! አብደሃል? ግባ እንጂ!»

ገባ። ዓይኑ ወደ ጥጉ ሄደ። አጥንት የለም። ድንጋይም አልተከመረም። የድሮ እሳት ያጠቆራቸው ሦስት ጉልቻዎች ብቻ ተቀምጠዋል፤ እሱ ራሱ የጎለታቸው ናቸው። የሺሃረግን ያስደገፈበት ድንጋይ ባዶውን ቆሟል። እዚያው ቁጢጥ አለ። ጅብ ጎትቷት ይሆን? ወይስ የሰፈራ ሰብሳቢዎች እዚህ ድረስ ወጥተው አነሷት? ያቺን ጥግ እያየ አእምሮው ከአንዱ ወዳንዱ ይዋዥቅ ነበር። ዓለምእሸት ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ጋሼ፣ አመምዎት?» ብትለው «ብርዱ ነው» ብሎ ዋሻት።

በረዶው ሲያባራ ጉም ወረደ። ክንድ ሙሉ ርቀት ላይ ያለ ሰው አይታይም። ዘውገ እንዳሰበው በምሥራቁ መንገድ መራቸው። በልጅነቱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድበት ሸንተረር ነው፤ በግራ በኩል አለቱን እየዳሰሰ ወረደ። አዝመራው ቸኩሎ ቀደመውና በድንገት ቁመቱ አጠረ። አጥሮ አልቀረም፣ ወደ ታች ሄደ!

«እመብርሃን!»

ዘውገ ተወርውሮ የያዘው የምንሽሩን አፈሙዝ ነበር። አዝመራው በሌላው ጫፍ በሁለት እጁ ተንጠልጥሏል፤ ከእግሩ ሥር ያለው ጉም ብቻ ነው፣ የተነቃነቀው ድንጋይ ሲወድቅ መሬት የነካበት ድምፅ አልተሰማም። ዓለምእሸት ዘውገን በወገቡ አቅፋ ወደ ኋላ ተጣለች። እየጎተቱ፣ እየቧጠጡ አወጡት። ያ ጠመንጃ በዕድሜው ሙሉ የጠቀመው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«መንገዱ የለም» አለ አዝመራው፣ ነፍሱ መለስ ስትልለት። «ሰውየው ትናንት ነግሮህ ነበር! ተንዷል ብሎህ ነበር፣ አያ ዘውገ! እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው የተከተልኩህ!»

ዘውገ በገዛ ፍርሃቱ ሁለት ሰው ሊገድል ነበር።

«ሌላ መንገድ አለ?» አለች ዓለምእሸት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ቃላቱን የምታወጣው እንደ ሰከረ ሰው እየጎተተች ነው።

«አለ» አለ ዘውገ። «በቁልቁለቱ።»

ወደ ኩሬው ተመልሰው የቁልቁለቱን አፍ ሲይዙ ምድርና ሰማይ አንድ ሆኖ ነበር። ዱካ የለም፣ ሣሩን በረዶው አልብሶታል። ዘውገ በደመ ነፍስ እየወረደ ሳለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ብቅ አለ። ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር።

«ምልክት ነው?» አለች ዓለምእሸት ደስ ብሏት። «የመንገድ ምልክት ነው አይደል?»

«ሰው ነው» አላት።

ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ከታች ድንጋይ ተንኮሻኮሸ። ኮቴ ነው። ይህኛውን ኮቴ አዝመራውም ሰማ። ብዙ እግር ነው፣ ዝም ብሎ የሚወጣ፣ ብረት ከብረት የሚነካካ።

«ተኚ!» አለ ዘውገ፤ ጓድ ማለቱንም አንቱ ማለቱንም ረስቶ። ሦስቱም ከክምሩ ጀርባ ተለጠፉ።

ታጣቂዎች ናቸው። ለየትኛው ወገን እንደሆኑ ቆሞ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚሊሻ ጠመንጃ ካዩ ግን ዝም ብለው እንደማያልፉ አዝመራው ያውቃል፤ ምንሽሩን ከሆዱ ሥር አድርጎ ግንባሩን በረዶው ላይ ቀበረ። የመጀመሪያው ሰው ክምሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዘውገ አገኙን ብሎ ነበር። ሰውየው ግን ጎንበስ አለና ድንጋይ አነሳ፤ ክምሩ ላይ አኖረው። «ነፍስ ይማር» አለ ቀስ ብሎ። አለፈ። ሁለተኛውም ጎንበስ አለ። ሦስተኛውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቀጭ ይላል፣ «ነፍስ ይማር» ይባላል፣ ኮቴው ያልፋል። እነሱ ከወዲህ፣ ታጣቂዎቹ ከወዲያ፣ በመካከላቸው ያ የማያውቁት ሟች።

አንዱ ድንጋይ ተንሸራቶ የአዝመራው ጣቶች ላይ ወደቀ። አዝመራው ጋቢውን ነክሶ ዝም አለ። የዓለምእሸት ጥርስ መንገጫገጭ ሲጀምር ዘውገ የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ አፏ ውስጥ ከተተው፤ በዓይኗ ብቻ አየችው።

«ይኼኛው ሕፃን ነው» አለ ከወዲያ አንድ ጎረምሳ ድምፅ። «ዛጎል አለበት።»

«እንግዲያ ትንንሽ ድንጋይ አድርጉበት፣ እንዳይከብደው» አለች አንዲት ሴት። ከዚያ በኋላ ያለፉት ሁሉ ጠጠር አኖሩ።

የመጨረሻው ኮቴ ወደ ላይ ጠፍቶ ብዙ ቆይቶም ማንም አልተነሳም። አዝመራው ነው በመጨረሻ የተቀመጠው፤ ያበጡ ጣቶቹን እያሸ ክምሩን ያየዋል። ጠጠር ፈልጎ አኖረበት።

«ጋሼ» አለች ዓለምእሸት ጋቢውን ከአፏ አውጥታ፣ «እነዚህ ሰዎች... ወዴት ሲሄዱ ነው የወደቁት?»

«ወደ ላሊበላ። እህል ፍለጋ።»

«ታዲያ ክምሮቹን ከተከተልን ላሊበላ እንደርሳለን ማለት ነው።»

ዘውገ ይህን ከእሷ በፊት አስቦት ነበር። መናገር ግን ፈርቶ ነበር። «አዎ» አላት። «እነሱ ያወርዱናል።»

ሄዱ። ክምር ሲያገኙ ቆመው ቁልቁል ያማትራሉ፤ ጉሙ ሲሳሳ ቀጣዩ ይታያል። አዝመራው በየክምሩ ድንጋይ ያኖራል። ዘውገም ያኖራል፣ ካኖረ በኋላ ግን ጎንበስ ብሎ በድንጋዮቹ መካከል ያያል። የተሰበረ ቅል። የቀንድ ዋንጫ። የወንድ ቀበቶ። የማያውቀው ማተብ። አንዱን ሲያልፍ ልቡ ቀለል ይልለታል፣ ሌላው ሲመጣ ይከብደዋል። እግሯ አብጦ ነበር፤ ሩቅ ልትሄድ አትችልም፤ ብትሞት ኖሮ ከእነዚህ ከላይኞቹ ክምሮች ባንዱ ሥር በሆነች ነበር። ክምር ባለፈ ቁጥር ተስፋው እየገፋ መጣ። መተከል ናት! ሰዎቹ እውነታቸውን ነው! ምናልባት ሌላ አግብታ ይሆናል፤ ታግባ፣ ወልዳም ይሆናል፤ ትውለድ። ደስታው እንባ እንባ አለው።

ኮቴው ግን አሁንም ከኋላው ነበር።

ዓለምእሸት ጉልበቷ የከዳት አንድ ጠፍጣፋ አለት ላይ ነው። ተቀመጠች፤ መንቀጥቀጧም ቆመ። ዘውገ የፈራው ይህንኑ ነበር፤ ብርድ የሚገድለው ሰው መጨረሻ ላይ መንቀጥቀጥ ይተዋል። በሶ በጥብጠው ሊያጠጧት ቢሞክሩ ካፏ ዳር ፈሰሰ።

«እናንተ ውረዱ» አለች በዝግታ። «ሰው ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ።»

«እውነቷን ነው» አለ አዝመራው። «ሮጠን ወርደን ቃሬዛ ብናመጣ...»

«ዝም በል!»

ዘውገ እንዲህ ጮሆ አያውቅም። አዝመራው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። የሺሃረግም ያለችው ይህንኑ ነበር፤ «ሂድ፣ እጠብቅሃለሁ» ነበር ያለችው፤ እሱም ትክክል መስሎት ሄደ። ጋቢውን አውልቆ ልጅቱን ጠቀለላት፤ ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣት፤ እጆቿን በአንገቱ ዙሪያ አዝመራው አሰረለት። ሲነሳ ወገቡ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይተዉኝ...»

«አልተውሽም፣ ልጄ። አውሪኝ። ስለ ደሴ አውሪኝ፣ እንዳትተኚ።»

አወራችለት፤ ስለ ጦሳ፣ ስለ እናቷ ሱቅ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። ዘውገ ግማሹን አልሰማም። ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜም አዝመራው አነሳው። ተራራው እየሰከነ ሄደ፣ የጓሳው ሣር አልቆ የአስታው ቁጥቋጦ መጣ፣ ከዚያ ድንጋያማ ጠርዝ። ጉሙ እዚያ ላይ ተቀደደ። ከታች፣ በቅርብ፣ የላሊበላ ቆርቆሮዎች የመጨረሻዋን ፀሐይ ይዘው ያበራሉ። ጭስ ይታያል። የሚጮኽ ውሻ እንኳ ይሰማል።

ጠርዙ ላይ አንድ ክምር ነበር። የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ነው።

ዘውገ ሊያልፈው ነበር። ከአናቱ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል፣ የእንጨት ሚዶ ተሸጉጧል። ዝናብና ፀሐይ አጥቁረውታል። አንድ ጥርስ የለውም። ከወይራ ጠርቦ የሠራው ራሱ ነው፣ በተጋቡበት ዓመት፤ ጥርሱ የተሰበረው ሲጠርበው ነው። እጀታው ላይ የቀረጸው መስቀል ጠማማ ወጥቶበት፣ የሺሃረግ «መስቀልህ ጠላ ጠጥቷል» ብላ እስኪደክማት ስቃበት ነበር።

«አያ ዘውገ፣ ምነው?»

«የሺሃረግ ናት።»

አዝመራው ቆቡን አወለቀ። ዘውገ ቆሞ ቀረ፤ ጀርባው ላይ የሰው ነፍስ አለ፣ ጎንበስ ማለት አይችልም። ከኩሬው ዳር ተነሥታለች። ጠብቃው ጠብቃው፣ ሲዘገይባት፣ ያን ያበጠ እግሯን እየጎተተች፣ ያን ሁሉ ክምር፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ እሱን ተከትላ መጥታለች። ከዚህ ጠርዝ ድንኳኖቹ የነበሩበት ሜዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ ተስቦ ጥሎት የተኛበትን ሸራ እያየች ነው የወደቀችው። ይህን ሲያስብ ዓይኑን እንባ ሞላው፤ መጥረጊያ እጅ አልነበረውም።

«ያውርዱኝ፣ ጋሼ» አለች ዓለምእሸት ጆሮው ሥር።

«አላወርድሽም።»

«ባንተ ስም ድንጋይ ላኑርልህ?» አለ አዝመራው።

«አኑርልኝ።»

አዝመራው ያበጠ እጁን ረስቶ ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ አኖረ። ዘውገም ተራመደ። መጀመሪያ እየተንገዳገደ ነበር፤ ቆይቶ ሮጠ። ኬላው ላይ «ቁም!» ሲሉት እንኳ አልቆመም፤ «ሰው ይዣለሁ! ሰው ይዣለሁ!» እያለ እየጮኸ ገባ። ጠባቂዎቹም የሚጮኸውን ሰው ፊት አይተው መተኮሱን ተዉት። ጤና ጣቢያ አስገቧት፤ እሳት አነደዱ፣ ትኩስ ነገር አጠጧት። ከእራት በፊት «ካሜራዬስ?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ዘውገ በር ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግሥቱ ማለዳ ከነፍስ አባቱ ከመምሬ ገብረ መስቀል ጋር ወደ ጠርዙ ወጣ። መምሬ አርጅተዋል፤ በበቅሎ ነው የወጡት፣ አዝመራው በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ ልጓሙን ይስብ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል። ዘውገ ከኋላው ኮቴ አልሰማም። አለመስማቱ ራሱ አስፈራው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ አየ።

መምሬ ከበቅሎዋ ወርደው ክምሩን ዞሩና ቁልቁል ከተማውን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለመድረስ ይቺን ታህል ቀርቷት! እዚህ እንዴት ወደቀች፣ ልጄ?»

«እኔን ተከትላ ነው፣ አባ። ልመለስላት ቃል ገብቼ አልተመለስኩም። እሷ መጣች።»

ዘውገ ሊገሥጹት እንደሆነ ገምቶ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አወጡ።

«ፍትሐቱ ያለ ክርስትና ስም አይሆንም። የጓሳ በሩ ቄስ በሕይወት ቢኖሩ ከሳቸው እጠይቅ ነበር። ማን ትባላለች?»

ዘውገ ሊናገር አፉን ከፈተና መለሰው። ይህን ስም ከእሱ በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ አልቀረም። አንዴ ከአፉ ከወጣ በጸሎቱ ውስጥ ከሙታን ጋር ይጠራል፤ መተከል የምትባል አገር ትዘጋለች፣ ወልዳለች የሚላት ሴት ታልቃለች። መምሬ አላጣደፉትም። አዝመራው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቆመ።

«ወለተ ሐና» አለ ዘውገ። «ወለተ ሐና በሉልኝ፣ አባ።»

መምሬ አማትበው ጀመሩ። ዘውገም ነጠላውን አደግድጎ፣ ከክምሩ ፊት እንደ ባል ቆመላት።